ነጩ ዱቄት፦ ድሬዳዋ ላይ የአንድ ላንድሮቨር አሉሚኒየም አካል ጥገና

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ድሬዳዋ ውስጥ የላሜራ ሠራተኛ እጁን የሚያፍታታው በብረት ነው። ላንድክሩዘሩም፣ ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም ብረት ለባሽ ነው። ስለዚህ አሉሚኒየም የለበሰ መኪና ሲመጣም እጅ ወደለመደው ይሄዳል፦ በግራይንደር መፋቅ፣ ስቱኮ (ጉድጓድ የሚሞላ ሊጥ) መምታት፣ ቀይ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ማልበስ፣ ቀለም መርጨት። በዚህ መኪና ላይ ይህ አሠራር ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቴም ከሽፏል። ሦስተኛው ጥገና ግን፣ ከአንድ ማዕዘን በቀር፣ ሁለት ክረምት አልፎበትም ይዟል። ልዩነቱ የመጣው ከቀለሙ ዋጋ አይደለም። አሉሚኒየሙን የሚነካው ነገር ምን እንደሆነ ተጠንቶ ንክኪው ስለተቋረጠ ነው። የባለቤቱም ሆነ የጋራዦቹ ስም እዚህ አልተጻፈም።

መኪናው

መኪናው ላንድሮቨር ዲፌንደር 110 ፒካፕ ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ሲቀርብ ብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጥታ ብረት በኮታ የምታከፋፍልበት ጊዜ ነበር። የውጭ አካሉ ከአሉሚኒየምና ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ልማዱም የድሮው ዲፌንደር ምርት እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪቆም ድረስ ዘልቋል። ይሁን እንጂ መኪናው በሙሉ አሉሚኒየም አይደለም። ሻንሲው ብረት ነው፣ በሞተሩና በሾፌሩ መካከል ያለው ግድግዳ ብረት ነው፣ የበሮቹ ውስጠኛ ፍሬም ብረት ነው። የካሶኒው (የኋላ ጭነት ሳጥኑ) የላይኛ ጠርዝ ደግሞ ዚንክ የተነከረ የብረት ክፈፍ ለብሷል። የዚህ ጉዳይ ጥፋት በአብዛኛው የተገኘው ብረቱና አሉሚኒየሙ በተነካኩበት መስመር ላይ ነው።

ባለቤቱ ነጋዴ ናቸው። መኪናው ስድስት ዓመት ያህል በደወሌ በኩል ጅቡቲ እየተመላለሰ ሠርቷል፤ አንዳንዴም የጨው ጆንያ ጭኗል። ከዚያ ወዲህ ከተማ ውስጥ ሲሚንቶና ፌሮ ያመላልሳል። ሲሚንቶ የሚመረትበት ከተማ ነውና ድሬ ላይ ሲሚንቶ ጭኖ የማያውቅ ፒካፕ ማግኘት ይከብዳል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ወደ ኋላ ላይ ግን ዋና ነገር ሆኖ ተገኘ።

ችግሩ

የሁለቱም በሮች የታችኛ 15 ሳንቲሜትር ላይ ቀለሙ አብጦ ነበር። እብጠቶቹ ከምስር ፍሬ እስከ አንድ ብር ሳንቲም ያክላሉ። በጥፍር ሲጫኑ ይፈረካከሳሉ፤ ከውስጣቸውም ቡናማ ዝገት ሳይሆን እንደ ኖራ ያለ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ከካሶኒው የብረት ክፈፍ ሥር ቀለሙ በረጅሙ ተልጧል። በፓራፋንጎዎቹ ቡሎኖች ዙሪያ ነጭ ቀለበት ተሠርቷል። የካሶኒው ወለል ደግሞ ያለ እብጠት ወጥ በሆነ መልክ ደብዝዞ ሻክሯል።

ባለቤቱ መኪናውን ሲያስገቡ የተናገሩት ቃል የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ እንዳለ ይቀመጥ፦ «አቦ፣ አሉሚኒየም አይዝግም ተብዬ ነው የገዛሁት።»

የላሜራ ሠራተኛውም «ሀጂ፣ እውነት ነው አይዝግም፤ ግን ይበላል» አላቸው።

ትክክለኛ መልስ ነው። አሉሚኒየም አየር እንዳገኘው ገላው ላይ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫር ወዲያው ራሱን ይተካል። የሚያሸንፉት ግን አሉ፦ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ፣ ጠንካራ አሲድ፣ እንዲሁም ጠንካራ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ)። ሽፋኑ የሚጸናው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ከ4 እስከ 8.5 ገደማ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ የራሰ ሲሚንቶ ፒኤች ደግሞ ከ12 ይበልጣል። በዚህ ላይ ብረት ተነክቶት መካከላቸው ጨዋማ እርጥበት ከገባ ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ከመበላቱ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከቀድሞው አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል።

ምርመራው፦ ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም

የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል። ጀበናና ማሞቂያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት መኪና ላይም ይጋገራል፤ በተለይ ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደረቀ መኪና ላይ። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት የነበረበት የትኛው ነጭ የውሃ ቅርፊት፣ የትኛው የአሉሚኒየም መበላት እንደሆነ ነበር። ለዚህ ሎሚ በቂ ነው። ጥቂት ጠብታ ሲንጠባጠብበት የውሃው ቅርፊት አረፋ እያወጣ ይሟሟል፤ የአሉሚኒየሙ ዱቄት ግን ዝም ይላል። በዚህ መኪና ኮፈን ላይ «ተበልቷል» ተብሎ ምልክት ከተደረገበት ነጭ ውስጥ አብዛኛው አረፋ ስላወጣ ኮፈኑ ከሥራው ዝርዝር ወጣ። ባይፈተን ኖሮ ጤነኛ ኮፈን ሊፋቅ ነበር። ሎሚው ራሱ አሲድ ነውና ከፈተናው በኋላ ቦታው በውሃ መታጠብ አለበት።

ቀጥሎ ጥልቀቱ ተለካ። ጤነኛው የበር ሉህ በካሊፐር 1.2 ሚሊሜትር ወጣ። ጉድጓዶቹ በሹል የእንጨት ስንጥር ተጠርገው ሲለኩ አብዛኞቹ ከ0.3 ሚሊሜትር አይዘሉም፤ የግራው በር ታች ላይ ግን አራት ቦታ ተቀዷል። ጋራዡ የወሰደው መስፈርት ይህ ነው፦ ከውፍረቱ ሲሶ ያላለፈ ይጸዳል፣ ይሸፈናል፤ ሲሶ ያለፈ ወይም የተቀደደ ተቆርጦ ይለጠፋል። የተበላን ስስ ሉህ በስቱኮ ማወፈር ዘላቂ ጥገና አይሆንም።

ቀደም ያሉት ሁለት ጥገናዎች ለምን ከሸፉ

የበሩ ሉህ ሲገለጥ የቀድሞ ሥራዎች ታሪክ አብሮ ወጣ። የመጀመሪያው ጠጋኝ ብረት ሲፋቅበት በኖረ የሽቦ ብሩሽ አሉሚኒየሙን ፍቆታል። ከብሩሹ የተራገፈው የብረት ብናኝ ለስላሳው አሉሚኒየም ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል፤ በማጉያ መስታወት ሲታይ እያንዳንዱ ጉድጓድ መሀል ቡናማ ነጥብ ነበረ። እያንዳንዷ ነጥብ አንዲት ትንሽ ባትሪ ናት። ስቱኮው ደግሞ በቀጥታ በባዶ አሉሚኒየም ላይ ተመትቷል። የስቱኮ ባሕርይ ውሃ መምጠጥ ነው፤ ከጀርባው በኩል እርጥበት ሲያገኝ ከአሉሚኒየሙ ይላቀቃል። ጥገናው አንድ ክረምት አልቆየም።

ሁለተኛው ጠጋኝ ነጩን ዱቄት ለማስለቀቅ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ተጠቅሟል። ዱቄቱ ለቋል። ነገር ግን ያ አሲድ ሃይድሮክሎሪክ ነው፤ ክሎራይዱን ጉድጓዱ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ይህም ማለት መኪናው ከጅቡቲ ይዞት የመጣው ጨው ላይ ሌላ ጨመረበት ማለት ነው። ከዚያም የበሩ ሆድ ውስጥ «እንዳይዝግ» ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ፈሰሰ። ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ሆነ፣ ጭቃው የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ደፈነ፤ በሩም ክረምቱን ሙሉ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይዞ ከረመ። የተቃጠለ ዘይት አሲድነት አለው፣ ላስቲክም ያበላሻል። ለበር ሆድ የተሠራ መከላከያ ሰም እያለ ይህን ማድረግ ጉዳት ነው።

የተሠራው ሥራ

ሥራው 11 የሥራ ቀን ፈጀ። ከዚህ ውስጥ ቀለም መርጨት የወሰደው ሁለት ጠዋት ብቻ ነው።

መፍታትና ማጠብ። በሮቹ፣ የካሶኒው ክፈፍና ፓራፋንጎዎቹ ተፈቱ። የክፈፉ ሪቬቶች (ሉሆችን አጣብቀው የሚይዙት ምስማሮች) በ5 ሚሊሜትር ፑንታ (መብሻ) ራሳቸው ብቻ ተበስቶ ተገፉ፤ እስከ ታች ድረስ መብሳት ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ካሶኒው መጀመሪያ በደረቁ ተጠረገ። ሲሚንቶ ያለበትን ወለል ሳይጠርጉ ውሃ መልቀቅ አልካሊውን በየስንጥቁ ማስገባት ነው። ከዚያ በለስላሳ ሳሙናና በብዙ ውሃ ሦስት ጊዜ ታጠበ። የመጨረሻው እጥበት በተጣራ የባትሪ ውሃ ሆነ፤ 15 ሊትር ገደማ ጠየቀ። የባትሪ ውሃ ሲገዛ ጀሪካኑን አይቶ መቀበል ያስፈልጋል፤ በተመሳሳይ ጀሪካን አሲዱም ይሸጣልና።

ጨው መልቀቁን ማረጋገጥ። የታጠቡት ሉሆች እርጥብ ነጭ ጨርቅ ተሸፍነው አደሩ። ጠዋት አዲስ ነጭ ነጥብ ባወጡት ቦታዎች ላይ እጥበቱ ተደገመ። ግራው በር ሦስት ሌሊት ፈጅቷል። ባለቤቱ በዚህ መዘግየት ደስተኛ አልነበሩም፤ ሆኖም ከሥራው ሁሉ መቆረጥ የሌለበት ይህ ነው፤ ጨው ከሥር ከቀረ ከላይ የሚለብሰው ቀለም ምንም ይሁን ምን ይነሳል።

መፋቅ። መጀመሪያ ቅባት ማስለቀቂያ፣ ቀጥሎ መፋቅ፣ ከዚያ እንደገና ቅባት ማስለቀቂያ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን አሉሚኒየሙ ውስጥ ያሽዋል። 80 ቁጥር፣ 180፣ ከዚያም 320 ብርጭቆ ወረቀት ጥቅም ላይ ዋለ፤ ሁሉም አዲስ፣ ብረት ነክቶ የማያውቅ። ለጉድጓዶቹ ለአሉሚኒየም ብቻ የተለየ የማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ተገዛ፣ እጀታውም ሰማያዊ ተቀባ። የተፈቀፈቀው ቦታ በጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁ ሁልጊዜ ግራጫ ይሆናል። ይህ የአሉሚኒየሙ ራሱ ብናኝ እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ ጨርቁ እስኪነጣ መጠበቅ ማብቂያ የለውም። ብናኙ ግን በየቀኑ መጠረግ አለበት፤ ብረት የሚሞረድበት ቦታ አጠገብ ከተከማቸ በፍንጣሪ ይቀጣጠላል።

መለጠፍ። ለተቀደደው በር ልጣፉ የተቆረጠው ከሌላ የሞተ ላንድሮቨር ጣሪያ ነው። ለመስኮትና ለበር ፍሬም የሚሸጠው ሉህ በአብዛኛው የተለየ ቅይጥ ነው፤ የራሱ ወገን እያለ እሱን መጠቀም ምክንያት የለውም። ልጣፉ ቀዳዳውን በየአቅጣጫው 3 ሳንቲሜትር አልፎ እንዲተኛ ሆነ፣ ማዕዘኖቹ ተጠጋጉ፣ ከሥሩ ማሸጊያ ፖሊዩሬታን ተቀባ፣ በ4 ሚሊሜትር ሪቬት በየ25 ሚሊሜትሩ ተመታ። ቀዳዳው 4.1 ሚሊሜትር ሲሆን ከጠርዝ ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ይርቃል።

ሽፋን። ድሬዳዋ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ ያገኘው ሉህ እጅ አያስቀምጥም። በዚያ ሰዓት የሚረጭ ቀለም ሉሁ ላይ ሳይደርስ ቲነሩ አየር ላይ ያልቅና እንደ አሸዋ ይቀመጣል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የመጨረሻው 320 ተፋቀ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ባለሁለት ክፍል ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቆ የሚረጭ የሥር ቀለም) መርጨት ተጀመረ፣ 3 ሰዓት ተኩል ሳይሆን አለቀ። በመፋቁና በመርጨቱ መካከል ከአራት ሰዓት በላይ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ እንደገና በ320 ይታሻል። ሁለት ንብር ኢፖክሲ ተረጨ። ስቱኮ የተመታው ከኢፖክሲው በላይ ነው፣ ኢፖክሲው በ180 ከታሸ በኋላ፣ ከ2 ሚሊሜትር ባላለፈ ውፍረት። በሙቀቱ ምክንያት የስቱኮው ማድረቂያ ከተለመደው 2 በመቶ ወደ 1.5 በመቶ ወረደ፤ አለዚያ ሳይዘረጋ በሳህኑ ላይ ይደርቃል። ከዚያ አንድ ንብር ኢፖክሲ፣ በመጨረሻም ቀለሙ።

ማለያየት። የበሩ ብረት ፍሬም ዝገቱ ተፍቆ ለብቻው ኢፖክሲ ለበሰ። ሉሁ በፍሬሙ ላይ ታጥፎ ከመጨቆኑ በፊት ጠርዙ ሁሉ ፖሊዩሬታን ተቀባ። እዚህ ላይ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን አይገባም፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ብረታ ብረትን ይበላል። ማጠፊያው የተጨቆነው ጠርዙ ላይ ቴፕ ተለጥፎ በፕላስቲክ መዶሻ ነው። ቡሎኖቹ ዚንክ የተነከሩ ሆነው ከሥራቸው የናይለን ሮንዴላ፣ አንገታቸው ላይ የፕላስቲክ ቱቦ ገባ። የበሩ ታች ላይ አምስት የውሃ መውጫ ተከፈተ፣ እያንዳንዱ 8 ሚሊሜትር።

በመጨረሻ ቴስተር (ሁለቱ ጫፎቹ በኤሌክትሪክ ሲገናኙ የሚጮኽ መለኪያ) መጣ። አንዱ ጫፍ በብረቱ ፍሬም፣ ሌላው በአሉሚኒየሙ ሉህ ላይ ተደርጎ ሲለካ ዝም ማለት አለበት። ቀኙ በር ዝም አለ። ግራው ጮኸ። ማጠፊያው በጣት ርቀት በጣት ርቀት ሲፈተሽ፣ ከታችኛው ማዕዘን አንድ መዳፍ ከፍ ብሎ የፍሬሙ ሹል ጠርዝ ኢፖክሲውን በስቶት ተገኘ። ነጥቡ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። ተከፈተ፣ ጠርዙ በሞረድ ለሰለሰ፣ ተቀባ፣ ተመልሶ ታጠፈ። ያለ ቴስተር ይህች ነጥብ ቀለም ለብሳ ትወጣ ነበር፤ የሚቀጥለው እብጠትም እዚያው ይነሳ ነበር።

ያልሠራው

ሥራው ሲጀመር የተቀደደውን በጋዝ ለመበየድ ተሞክሮ ነበር። ብረት 1,500 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ይቀላል፣ ያስጠነቅቃል። ይህ ቅይጥ ከ660 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፣ መልኩንም አይቀይርም፤ በላዩ ያለው ኦክሳይድ ግን 2,000 ዲግሪ አልፎ ነው የሚቀልጠው። የሆነውም ይኸው ነው፦ ላዩ እንዳለ ቆሞ ሳለ ሥሩ ድንገት ፈሰሰ፣ የአውራ ጣት የሚያክለው ቀዳዳ የመዳፍ ያህል ሆነ። ተገቢው መሣሪያና በአሉሚኒየም የለመደ እጅ ከሌለ ሪቬት ይሻላል።

ለማለያያ መጀመሪያ የታሰበው የጎማ ካላማዳሪያ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ በየጎሚስታው ይገኛል። ከክፈፉ ሥር ገብቶ ሲፈተን ግን ጠርዙ ውሃ ይዞ ያድራል፤ ጥቁሩ ላስቲክም ካርቦን ስላለበት አስተማማኝ ማለያያ አይደለም። ወጥቶ ተጣለ፣ በፖሊዩሬታን ተተካ።

ሪቬቶቹም ጣጣ ነበራቸው። ገበያ ላይ የሚገኘው ሪቬት ገላው አሉሚኒየም ቢሆንም መሀሉን የሚስበው ዘንግ ብረት ነው፤ ሲሰበር ጉራጁ ውስጥ ይቀራል። ከ26 ሪቬቶች በሦስቱ ላይ በአምስተኛው ወር ቡናማ እንባ ታየ። ውስጥ የቀሩት ጉራጆች ሁሉ በስስ ብረት ከኋላ እየተገፉ ወጡ፤ ቀዳዳው በኢፖክሲ ተሞላ። ዘንጉም አሉሚኒየም የሆነ ሪቬት ሲገኝ ተመራጩ እሱ ነው።

አንድ ያልታሰበም ነበር። ካሶኒው ከብረቱ ከተለያየ በኋላ ባለቤቱ በኋላ ያስጨመሩት የኋላ መብራት ደበዘዘ። መብራቱ አሉታዊ መስመሩን የሚያገኘው በካሶኒው አካል በኩል ነበር። ለብቻው ሽቦ ወደ ሻንሲው ተዘረጋለት። አካልን እንደ ሽቦ መጠቀም ለአሉሚኒየም መገጣጠሚያዎችም ጎጂ ስለሆነ ሽቦው ከመጀመሪያውም መኖር ነበረበት።

ከ14 ወር በኋላ

መኪናው ሁለት ክረምት አሳልፎ ታየ። በሮቹ ንጹሕ ናቸው፣ የውሃ መውጫዎቹ ክፍት ናቸው። የካሶኒው ወለል ላይ የእንጨት ርብራብ ስለተነጠፈ የሲሚንቶው ጆንያ አሉሚኒየሙን አይነካም። በካሶኒው የቀኝ የኋላ ማዕዘን ላይ ግን የምስር ያህል ሁለት እብጠቶችና ከእነሱ የሚነሳ እንደ ክር ቀጭን መስመር ተገኘ። ሲገለጥ ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ እዚያ ቦታ መፋቁ የቆመው ደህና የሚመስል ቀለም እስከሚጀምርበት ድረስ ነው። መበላቱ ግን ደህና በሚመስለው ቀለም ሥር ተጉዟል። ሌሎቹ ቦታዎች ከሚታየው ጉዳት 5 ሳንቲሜትር አልፈው ተፍቀዋል፤ ይህኛው ስለተጣደፈ አልተፋቀም።

ለሌላ መኪና የሚወሰደው

አሉሚኒየም ለባሽ ሌላም መኪና አለ፤ የጭነት መኪና ሳጥን፣ የአውቶቡስ ጎን፣ የነዳጅ ታንከር። ለሁሉም ጥያቄው አንድ ነው፦ ጉዳቱ የታየበት ቦታ ላይ ምን ይነካዋል? በቡሎን ዙሪያ ከሆነ ቡሎኑ ነው። በክፈፍ ሥር ከሆነ ክፈፉ ነው። ዚንክ የተነከረ ክፈፍ አዲስ ሳለ ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ አሉሚኒየሙን ይጠብቃል፤ ዚንኩ ሲያልቅ ግን ክፈፉ ባዶ ብረት ይሆንና አሉሚኒየሙን ማስበላት ይጀምራል። ስለዚህ ክፈፉ ላይ ቡናማ መልክ እንደታየ መፍታት ነው እንጂ ከላይ መቀባት አይደለም። ያለ እብጠት ወጥ በሆነ መልክ ከደበዘዘ ደግሞ ጥፋቱ ከጭነቱ ወይም ከማጠቢያው ነው፤ በረኪናና ኮስቲክ ሶዳም እንደ ሲሚንቶው አልካሊ ናቸው።

ብረትና አሉሚኒየም በአንድ ጋራዥ የሚሠሩ ከሆነ ብሩሹ፣ ብርጭቆ ወረቀቱና የግራይንደሩ ዲስክ መለየት አለባቸው። ቃል ብቻ አይበቃም፤ እጀታ መቀባት፣ የራሱ ሳጥን ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሥራ ሲጣደፍ እጅ የቀረበለትን ነውና የሚያነሳው።

ከጅቡቲ የተመለሰ መኪና በዚያው ሳምንት ከሥሩ፣ ከበሩ ሆድና ከክፈፉ ጠርዝ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ፀሐይ ላይ ሳይደርቅም በጨርቅ ይደረቅ። አጣቢው ሲጨርስ በሩን ከፍቶ የታችኛው ቀዳዳዎች ውሃ ማንጠባጠባቸውን ይይ። አምስቱም ካላንጠባጠቡ የተደፈነው በክብሪት እንጨት ይከፈታል፤ በሚስማር ከሆነ የቀዳዳው ጠርዝ ሽፋን ይጫራል።